ሰው ፊት ስሆን እንቀጠቀጣለሁ፤ ምን ልጠጣ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ብቻዬን ስሆን ምንም አልሆንም። ሰው ሲያየኝ ግን ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሲኒ ስይዝ እየተንቀጫቀጨ ስለሚያሳጣኝ ሰው ቤት «ቡና አልጠጣም» ማለት ጀምሬያለሁ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ከብዶኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ እየጠበቅኩ ስንቴ ሰፈሬን አልፌያለሁ። ለቅሶ ቤት መግባት ሞቴ ነው። አሁን ደግሞ አለቃዬ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ለማኔጅመንት አንቺ ነሽ የምታቀርቢው አለኝ። እናቴ ጤና አዳም አፍልተሽ ጠጪ ትላለች። ጓደኛዬ ካሞሚል ሻይ ገዝታ ሰጠችኝ። ቢሮ ያለ ልጅ ደግሞ «ትንሽ ጫት ቃም አድርገሽ ግቢ፣ አፍሽ ይፈታል» አለኝ። ቴሌግራም ላይ «ፍርሃትን ከሥሩ የሚነቅል ባህላዊ ዱቄት» የሚሸጥ አይቼ ልገዛም ነው። የሆስፒታል መድኃኒት እፈራለሁ። የትኛው ይሻለኛል?

ሀ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ ሀ.፣ ከዱቄቱ ልጀምር። እሱን አትግዢ። ምን እንዳለበት አልተጻፈም፣ መጠኑ አይታወቅም፣ ብትታመሚ የምትጠይቂው ሰው የለም። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ሰው በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ይዞ መጥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ ቀለሙን አይቼና አሽትቼ መመለስ አልችልም፣ ማንም አይችልም። በየአገሩ «ንጹሕ ዕፅዋት ነው» ተብለው የተሸጡ ነገሮች ላብራቶሪ ሲገቡ የሐኪም መድኃኒት ተደባልቆባቸው ተገኝቷል።

ያለብሽ ነገር ስም አለው። ማኅበራዊ ፍርሃት ወይም ማኅበራዊ ጭንቀት ይባላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ መመሪያው ውስጥ ያስገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ ሰው ላይ የሚጀምረው በጉርምስና ነው። እኛ ጋ ግን «ጨዋ ናት»፣ «ዓይን አፋር ናት» ተብሎ ይታለፋል፣ በተለይ ሴት ልጅ ስትሆን እንዲያውም ትመሰገንበታለች፣ እሷ ውስጥ ውስጡን እየነደደች ማንም ልብ አይላትም። ዓይን አፋር ሰው መጀመሪያ ይሽኮረመማል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ይላመዳል። አንቺ ቡና ትተሻል፣ ሰፈርሽን አልፈሽ በእግርሽ ትመለሻለሽ፣ ሐዘን የደረሰበትን ወዳጅሽን ሳታጽናኚ ትቀሪያለሽ። ይሄ ጨዋነት አይደለም። መታከም ያለበት ነገር ነው።

አሁን ወደ ቅጠሉ። ጤና አዳም ቡና ላይ አንድ ዘለላ ጣል ማድረግ ምንም ችግር የለውም፣ መዓዛውን ማን ይጠላል። ፍርሃት እንደሚቀንስ ግን የታየ ነገር የለም። አፍልቶ አወፍሮ በብዛት መጠጣት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ማሕፀን ያኮማትራል፤ ስለዚህ እርግዝና ካለ፣ ወይም ሊኖር ይችላል ብለሽ ከጠረጠርሽ፣ በዚያ መልክ አትንኪው። ቅጠሉን እጅ ላይ አሽቶ ፀሐይ ላይ መቆምም ቆዳን ያቃጥላል፣ ያቆስላል።

ካሞሚል ከሁሉም የተሻለ ወሬ ያለው ነው። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ለ57 ሰዎች ግማሹን ካሞሚል፣ ግማሹን ባዶ እንክብል ለስምንት ሳምንት ሰጥቶ ነበር፤ ካሞሚል የወሰዱት መጠነኛ ለውጥ አሳይተዋል። ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። የተሰጣቸው ተጨምቆ በእንክብል የተዘጋጀ ነው እንጂ ጓደኛሽ የሰጠችሽ የሻይ ከረጢት አይደለም። ሰዎቹም የነበረባቸው ስለ ሁሉም ነገር ቀኑን ሙሉ የመጨነቅ ችግር ነው፣ እንዳንቺ ሰው ሲያያቸው የሚመጣ አይደለም። ማታ ማታ ጠጪው፣ ይጥማል፣ ያረጋጋል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፣ አበባ የሚያስነጥሰውም ይጠንቀቅ። ጦስኝና ጠጅ ሣርም እንደዚሁ፤ ቤቴ አይጠፉም፣ እወዳቸዋለሁ፣ የፍርሃት መድኃኒት ናቸው ብዬ ግን ለማንም አልሸጥም።

ስለ ጫቱ ግን በጣም ነው ያሳሰበኝ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሥራው አምፌታሚን እንደሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ነው። የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። የአንቺ ችግር ልብ መደለቅና እጅ መንቀጥቀጥ ሆኖ ሳለ በላዩ ላይ ይሄን መጨመር ምን የሚሉት ምክር ነው? እውነት ነው፣ ምርቃናው ሲመጣ ወሬ ይፈታል፣ ሁሉም ነገር ይቻላል ያሰኛል። ማታ ግን እንቅልፍ የለም፣ በነጋታው ድብርቱ ይመጣል፣ ከዚያ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «ያለ እሱ አልችልም» ይጀመራል። ቢራና አረቄም በዚሁ መንገድ ነው ሰው የሚይዙት። ሠርግ ቤት ለመግባት ብለው ሁለት ብርጭቆ የጀመሩ፣ በኋላ መጠጡ ራሱ ትልቅ በሽታ የሆነባቸው ብዙ ናቸው። ቡናም ቢሆን ሪፖርት በምታቀርቢበት ጠዋት ቀነስ አድርጊው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የሚያመጣው የልብ ምትና መንቀጥቀጥ ከፍርሃቱ ጋር አንድ ይመስላል፤ አንጎልሽ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ከቅጠሎቹ ሁሉ በላይ እንድትይዥልኝ የምፈልገው ይሄን ነው። ፍርሃት ሲመጣ ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ካልሸሸሽው በራሱ ይወርዳል። አንቺ ግን ጫፍ ሳይደርስ ነው የምትወጪው፤ ስለዚህ ሲወርድ አይተሽው አታውቂም። ሻይ ጠጥተሽ ስብሰባ ገብተሽ ቢሳካልሽ ደግሞ አንጎልሽ ምስጋናውን ለሻዩ ይሰጣል። «እኔ ቻልኩ» አይልም፣ «ሻዩ አዳነኝ» ነው የሚለው። ሻዩ ባለቀበት ቀን ፍርሃቱ ብሶ ይመጣል። ለጤነኛ እግር ምርኩዝ እንደመስጠት ነው። ሲኒን በሁለት እጅ ጭብጥ ማድረግ፣ ለቅሶ ቤት ስልክ ላይ ማፍጠጥ፣ ሰው ሳያይሽ ጥግ መያዝ፣ እነዚህም ሁሉ ያው ናቸው።

ስለዚህ ከታክሲው ጀምሪ። ሥራው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ዋናው እሱ ነው። ጋቢና አትቀመጪ፣ መሐል ወንበር ያዢ። ከመውረጃሽ አንድ ፌርማታ ቀደም ብለሽ «ወራጅ አለ!» በይ። ድምፅሽ ይቆራረጥ፣ ይንቀጥቀጥ፣ ምንም አይደል፣ አታስተካክዪው። ከዚያ ስለ ድምፅሽ ማሰቡን ትተሽ ዙሪያሽን እዪ። ስንት ሰው ዞሮ አየሽ? ረዳቱ ምን አለ? «ጫፍ ላይ!» ብሎ ለሾፌሩ አስተላልፎ ሳንቲሙን መቁጠር ይቀጥላል፣ አጠገብሽ ያለችው ሴትዮ ስልኳ ላይ ናት። ይሄን በዓይንሽ ማየት አለብሽ፣ እኔ ብነግርሽ አይገባሽም። በየቀኑ አድርጊው፣ እስኪሰለችሽ። ሲሰለችሽ ወደ ሲኒው እለፊ። ዘመድ ቤት ግማሽ አስቀድተሽ በአንድ እጅ ያዢው፣ ይንቀጫቀጭ፣ ትንሽ ይፍሰስ። ቀጥሎ ሙሉ። ቀጥሎ ለቅሶ ቤት፤ ገብተሽ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብለሽ ቁጭ፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ፣ ፍርሃቱ እስኪበርድ ሳትነሺ። ለሪፖርቱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ በቃልሽ ያዢ፣ ሌላውን አትሸምድጂ። ስብሰባ አዳራሹ ባዶ ሲሆን አንድ የምታምኛትን ባልደረባ አስቀምጠሽ ቆመሽ አንብቢላት፣ ሌላ ቀን ሁለት ሰው አድርጊ።

ብቻሽን ከከበደሽ ባለሙያ አለ። ይሄንኑ መንገድ ከሰው ጋር የሚሄድ የንግግር ሕክምና ለዚህ ችግር ከሁሉም የተሻለ ውጤት ያለው ነው። የሆስፒታል መድኃኒት እፈራለሁ ያልሽው ይገባኛል፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ሰርትራሊንና መሰሎቹ ቀስ ብለው በሳምንታት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፣ ዳያዜፓም እንደሚባለው ማረጋጊያ ሱስ አያስይዙም፣ ማቆም ሲያስፈልግ ግን በሐኪም ቀስ ተብሎ ነው። ፕሮፕራኖሎል የሚባል ደግሞ መድረክ ላይ ለሚንቀጠቀጡ ሰዎች የልብ ምቱንና የእጁን መንቀጥቀጥ ብቻ የሚቀንስ አለ፤ አስም ላለበት አይሆንም፣ ያለ ሐኪምም አይወሰድም፣ ከጓደኛ ተቀብለሽ እንዳትሞክሪው። አማኑኤል ሆስፒታል የሚል ስም ስትሰሚ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ አትሽሺ፤ እዚያ የተመላላሽ ታካሚ ሆኖ ካርድ አውጥቶ ተነጋግሮ ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው ሞልቷል።

ጥያቄ

ሰላም ነው? አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ሰው መሐል መናገር ስለምፈራ ሐኪሜ ሰርትራሊን ጀምሮልኛል። ለውጡ አዝጋሚ ስለሆነብኝ ከሱቅ ሴንት ጆንስ ዎርት ገዝቻለሁ። ያው ቅጠል ስለሆነ አብሬ ብወስደው ምን ይለኛል?

መልስ

ወንድሜ፣ አብረህ አትውሰድ። ጠርሙሱን ዝጋው። ሁለቱም ሴሮቶኒን የሚባለውን ነገር አንጎል ውስጥ ይጨምራሉ፤ ሲደራረቡ ላብ፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ መቅበዝበዝና የጡንቻ መገታተር ሊያመጡ ይችላሉ፣ ሲከፋ ይገድላል። አብረህ መውሰድ ጀምረህ ከሆነና ከእነዚህ አንዱ ከታየህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ደግሞ ለዚህ ችግር አይጠቅምም። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ማኅበራዊ ፍርሃት ላለባቸው 40 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተሞክሮ ከባዶ እንክብል ምንም አልበለጠም። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ናይስም በ2013 እ.ኤ.አ. ለማኅበራዊ ጭንቀት እንዳይሰጥ በግልጽ ጽፏል። ይሄ ቅጠል ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን፣ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን፣ ዋርፋሪንን ያዳክማል። ለባለቤትህም ለጓደኛህም «ሞክሩት» ብለህ እንዳትሰጥ። እዚያው መደርደሪያ ላይ ካቫ የሚባለውንም ታገኝ ይሆናል፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉበት ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል ብሎ ያስጠነቀቀው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው።

ሰርትራሊኑን በራስህ አታቁም። ለሐኪምህ «አዝጋሚ ሆነብኝ» በለው፤ መጠኑን ሊያስተካክል ይችላል። የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ሰው እንዲያገናኝህም ጠይቀው። አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስት እፈልጋለሁ ማለት ነውር የለውም።

ጥያቄ

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀው እጁን አያወጣም፣ መምህር ሲጠራው ያልበዋል። አንድ አዋቂ «አብሾ ይጠጣ፣ ይደፍራል፣ ትምህርቱም ይገባዋል» አሉኝ። ልስጠው ወይ?

እናት ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

እማማ፣ እባክዎን አይስጡት። አብሾ ለቆሎ ተማሪ ይሰጥ እንደነበረ እኔም ሲወራ ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ ለአያቶቻችን ያለኝ ክብርም ትልቅ ነው። የሚዘጋጀው ግን በአብዛኛው አስተናግር ከሚባለው ተክል ፍሬ ነው። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉበት። በደፋርነትና በዕብደት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ፍሬ ነው፤ የአንዱ ተክል ኃይል ከሌላው ስለሚለያይ መጠኑን አዋቂውም መቆጣጠር አይችሉም። አፍ መድረቅ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ የልብ መደለቅ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ መለፍለፍ ይመጣል። የሞተበትም አለ። ቀድሞ ቀምሶ ከሆነና እንደዚህ ካደረገው አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ምን እንደጠጣም ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ለክፍሉ ጉዳይ መምህሩን ለብቻ ያነጋግሩልኝ። ድንገት ስሙን ከመጥራት ይልቅ «ነገ ይሄን ጥያቄ አንተን እጠይቅሃለሁ» ብለው ቀድመው ይንገሩት፣ መልሱም አንድ ቃል የሚበቃው ይሁን። ቤት ውስጥ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ «ተናገር እንጂ፣ ምላስህን ቆረጡት?» የሚል ሰው ካለ ያስቁሙልኝ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ከትምህርት ቤት መቅረት ከጀመረ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ። ሐኪሙን ለብቻው እንዲያናግር ይተዉት፤ እርስዎ ውጭ ይጠብቁት።