በርሜሉ ላይ ምን ተጽፏል?

ልጆቼ፣ ባለፈው ወር አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ያለው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ጠመንጃ ልገዛ ነው፤ እስቲ ይምከሩኝ» አለኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ደሴና ኮምቦልቻ መሣሪያ ስጠግን ነው። ስለ ሙያዬ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የሱን ጥያቄ ግን በአንድ ስልክ አልጨረስነውም። ሌሎቻችሁም የምትጠይቁኝ ነገር ስለሆነ ልጻፈው አልኩ።

እነሱ ዘንድ ፕሬሪ ዶግ የሚሉት ሽኮኮ መሰል እንስሳ አለ። ግጦሹን እየቆፈረ ከብት አርቢውን ያማርራል። ትንሽ ነው፣ ሰውም አያስጠጋም። ከሩቅ ለመምታት ቀጭንና በጣም ፈጣን ጥይት ይፈልጋል። የእህቴ ልጅ የወደደው «ዋይልድካት» የሚባለውን ነው። ፋብሪካ የማያመርተው ጥይት ማለት ነው። ባለሙያው የታወቀ ቀለህ ወስዶ አንገቱን ያጠብባል፣ ወይም ትከሻውን ይለውጣል። ከዚያ በርሜሉ ውስጥ ለዚያ ቀለህ ልክ የሆነ ማደሪያ ይቆረጣል። ባሩዱን መዝኖ፣ አረሩን ገጥሞ ጥይቱን የሚያዘጋጀው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ነገሩን እንዳትንቁት። ዛሬ አሜሪካ በየሱቁ የሚሸጠው 22-250 የሚባል ጥይት የተወለደው እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 የወጣውን፣ 250 ሳቬጅ የሚባለውን ጥይት ቀለህ አንገት ወደ 22፣ ማለትም ወደ 0.22 ኢንች ገደማ፣ አጠበቡት። ለብዙ ዓመታት በየሰው ቤት ሲሠራ ኖረ። በ1965 ሬሚንግተን የሚባለው የአሜሪካ መሣሪያ አምራች ወደ ፋብሪካ አስገባው። 3.6 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በሰከንድ ከ1,100 ሜትር በላይ ያስወነጭፋል። ሙያውን ለሚወድ ሰው ያስቀናል። እኔም እወደዋለሁ።

ግን አያቴን አስታወሰኝ። ደላንታ፣ ቤቱ ግድግዳ ላይ ውጅግራ የሚባለው የድሮ ጠመንጃ ተሰቅሎ ነበር። የፈረንሳይ ሥራ፣ የ1874 ሞዴል፣ 11 ሚሊ ሜትር። በድሮ ጊዜ የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ለምን ይመስላችኋል? ያንተም፣ የጎረቤትህም፣ የማታውቀው መንገደኛም ጠመንጃ ስለሚጎርሰው ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ጥይቱ ከአገሩ ጠፍቶ ነበር። አያቴ በዓል ሲመጣ ያወርደዋል፣ ይወለውለዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። አንድም ቀን ሲተኩስበት አላየሁም። ብረቱ እኮ ጤነኛ ነበር። የሚጎርሰው አጣ እንጂ።

ስለዚህ ጠመንጃውን ከማየታችሁ በፊት ቀለሁን እዩ። እናትየው ቀለህ፣ መነሻ የሆነችው፣ በየትኛውም ሱቅ የምትገኝ ናት? አንገቱን ለማጥበብ ስንት ደረጃ ያልፋል? አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደህና ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከሆነ፣ ሥራ በዝቶባችሁ አንድ ዓመት ስትተዉት አትመለሱበትም። ማደሪያውን የሚቆርጥላችሁ ባለሙያ የመቁረጫውን ልክ በወረቀት ይስጣችሁ። እሱ ቢሞት ወይም ሱቁን ቢዘጋ ሌላው ከየት ይጀምራል? የበርሜሉን ውስጥ ጥምዝም፣ አረሩን የሚያሽከረክረውን ጠመዝማዛ መስመር፣ ጠይቁ። የ22-250 የቆየው ልማድ በ14 ኢንች አንድ ዙር ነው። ለቀላል አረር ይበቃል። ረጅምና ከባድ አረር ከሰጣችሁት ግን አየር ላይ ይንገዳገዳል። ፍጥነት ሲጨመር በርሜል ቶሎ እንደሚበላም አትርሱ። ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ብዙ ባሩድ የሚያነድ ጥይት በርሜሉን ከማደሪያው ፊት ለፊት ባለው ጥቂት ጣት ርዝመት ላይ ይልሰዋል።

አሁን ለማንም በጽሑፍ ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ምንሽር ይዞ መጣ። ዒላማው ተጣሞ ነበር። አቃናሁለት። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን አነበብኩ፣ አመንኩት፣ ማደሪያውን ሳልለካ መለስኩለት። ከኔ በፊት የሆነ ሰው ሌላ ጥይት እንዲጎርስ ማደሪያውን አስፍቶት ኖሯል። የተቀረጸው ግን የድሮው ነው። ሰውዬው በተጻፈው መሠረት ጥይት ገዛ። በሳምንቱ ተኮሰ። ቀለሁ ፈነዳ፣ እሳቱ ወደ ኋላ መጣ፣ ቀኝ ዓይኑን አጣ።

ያ ቀለህ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አንገቱ የለም። ከሥሩ ከፍ ብሎ ጥቁር ስንጥቅ ይዞረዋል። ሆዱ ወደ ውጭ ተገልብጧል። በጣቴ ስነካው ጠርዙ አሁንም ይቆርጣል። ለመለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ዋይልድካት ያለው ሰው ይህን ቢያስብ ደስ ይለኛል። ጠመንጃ ከሰው ዕድሜ ይበልጣል። እናንተ የምታውቁትን ልጃችሁ ወይም የሚገዛችሁ ሰው አያውቅም። ትክክለኛው ስም በርሜሉ ላይ በጥልቀት ይቀረጽ። ከጠመንጃው ጋር ባሩድም መለኮሻም የሌለው አንድ ናሙና ጥይት አስቀምጡ። የምትሠሩትን ልክ በደብተር ጻፉ።

ቃሉ ወይም ቆቦ ሆናችሁ «ዝንጀሮና ከርከሮ ማሽላውን ጨረሰው፣ እኛስ?» የምትሉኝ አላችሁ። ጭንቀታችሁ ይገባኛል፤ ማማ ላይ ሆኜ በወንጭፍ ያደርኩ ነኝ። ግን ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም፣ ያለ ፈቃድ ማደንም ክልክል ነው። ደጋ ላይ ደግሞ፣ አቡነ ዮሴፍም ቦረና ሳይንትም፣ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። ቀበሮ ነው ብሎ የሚያነጣጥር ልጅ ካያችሁ እጁን ያዙት።

የእህቴ ልጅ ትናንት መልሶ ደወለ። ገና አልገዛም። ሱቅ ውስጥ አንድ ያገለገለ ዋይልድካት አንስተው ሰጥተውት በእጁ ይዞታል። ዋጋው ረክሷል አለኝ። «በርሜሉ ላይ ምን ተጽፏል?» አልኩት። ዝም አለ። መነጽሩን ሲያወጣ ሰማሁ። ከዚያ ፊደሉን አንድ በአንድ ያነብልኝ ጀመር፤ እኔም እስክሪብቶ አነሳሁ።