ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ሥራ ልልቀቅ ወይ?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የፓተንት ቢሮ የፈጠራ መብት ማመልከቻ መርማሪ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 4 ዓመቴ ነው። ዓምና በፌዴራል ሠራተኞች የደመወዝ ደረጃ (ጂኤስ) ከጂኤስ 12 ወደ ጂኤስ 13 አደግኩ። ወዲያው እናቴ ታመመችና እሷን ሳስታምም ሥራዬ ወደ ኋላ ቀረ። አሁን ምርቴ ከሚጠበቀው በታች ስለሆነ እንዳሻሽል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ተባረረች ተብሎ ፋይሌ ላይ ከሚጻፍ በገዛ ፈቃዴ ብለቅ አይሻልም?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትዎን እግዜር ይማርልዎ። መልቀቂያውን ግን ዛሬ አይጻፉ። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው በኋላ «ተገድጄ ነው» ቢል ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። እሱ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። በአብዛኛው የይግባኝ በር አብሮ ይዘጋል።

የደረሰዎት ወረቀት ስንብት አይደለም። የፌዴራል ሠራተኞችን የሚገዛው ሕግ፣ ርዕስ 5 ምዕራፍ 43፣ በሥራ አፈጻጸም ድክመት ከማሰናበት በፊት የማሻሻያ ዕድል ይሰጥ ይላል። ካልተሻሻለም መሥሪያ ቤቱ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የቱ ሥራ፣ በየትኛው ወሳኝ መስፈርት እንደወደቀ ዘርዝሮ ነው የሚጽፈው። እርስዎም ጠበቃ ይዘው በቃልና በጽሑፍ መልስ ይሰጣሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሰዓት መዝገብዎ ነው። የመርማሪ ምርት የሚለካው ለምርመራ በዋለው ሰዓት ተካፍሎ መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን ሰው ሲደነግጥ ይህን ማየት ይረሳል። አሁን ባሉበት ደረጃ ለአንድ የምርት አሃድ፣ ማለትም ለአንድ የተጠናቀቀ ሥራ መለኪያ፣ 20 ሰዓት ይፈቀድልዎታል እንበል። በ2 ሳምንት፣ በ80 ሰዓት፣ 4 ይጠበቅብዎታል። 3 ከጨረሱ 75 በመቶ ነው። ከ80ው 16ቱ እናትዎን ሐኪም ቤት ያመላለሱበት ፈቃድ ከሆነ ግን መካፈያው 64 ሰዓት ነው። የሚጠበቀው 3.2 ይሆናል፤ ያው 3 ሥራ ወደ 94 በመቶ ይጠጋል። ልዩነቱን አዩት?

ስለዚህ እያንዳንዱን የ2 ሳምንት መዝገብ አውጥተው ይዩ። በፈቃድና በሥልጠና ያለፈ ሰዓት በስህተት የምርመራ ሰዓት ተብሎ ከገባ እንዲታረም አለቃዎን በኢሜይል ይጠይቁ። እባክዎ፣ ያልነበረ ሰዓት እንዳይጨምሩ። የምርት ማነስ ይሻሻላል፤ ሐሰተኛ የሰዓት መዝገብ ግን የዲሲፕሊን ጥፋት ነው፤ እሱን መመለስ ይከብዳል። ዕድገቱንም አይርሱ። ጂኤስ 12 ላይ 23 ሰዓት የሚፈቀድለት ሥራ ጂኤስ 13 ላይ 20 ሰዓት ገደማ ነው የሚሰጠው። የወደቁት ሰንፈው ሳይሆን ለውጡና ሕመሙ አንድ ላይ መጥተውብዎት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሒሳብ በሕግም ዋጋ አለው። በ2021 የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ የናሳ ሠራተኛ ባቀረበው ጉዳይ፣ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው በማሻሻያው ጊዜ መውደቁን ብቻ ማሳየት አይበቃውም ብሏል። ከዚያ በፊትም አፈጻጸሙ ብቁ እንዳልነበረ ማስረዳት አለበት። የማስጠንቀቂያው መነሻ ቁጥር የተሳሳተ ከሆነ ታዲያ መቃወሚያዎ እዚያው ላይ ነው።

እናትዎ አሁንም ክትትል የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ፈቃድዎን በቤተሰብ ሕመም ፈቃድ ሕግ መሠረት ይጠይቁ። ለወላጅ ከባድ ሕመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከቻሉ የማሻሻያው ጊዜ ሳይጋመስ ይጠይቁ።

ፋይሉን በተመለከተ፦ የስንብት ሐሳብ ቢቀርብ እንኳ በዚያው የማስታወቂያ ጊዜ ተሻሽለው ሳይሰናበቱ ከቀሩ፣ ማስታወቂያው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ 1 ዓመት በጥሩ ሁኔታ ከሠሩ የአፈጻጸም ድክመቱ ማስታወሻ ከመዝገብዎ ይወጣል። ነገሩ ከፍቶ ቢሰናበቱ ደግሞ የፌዴራል ሠራተኞችን ይግባኝ የሚሰማው የሜሪት ሲስተምስ ፕሮቴክሽን ቦርድ ዘንድ ይግባኝ ለማለት በመደበኛው 30 ቀን አለዎት። ቀኑን ካሌንደርዎ ላይ ያኑሩ፤ ቀን አልፎባቸው የሚመጡብኝ ሰዎች ጉዳይ በጣም ያሳዝነኛል።