መልስ፦ ሚያዝያ 27 የገቡበት ነው የወጡበት?

«አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ልጄ ጠየቀኝ፤ ሚያዝያ 27 ጣሊያን የገባበት ነው የወጣበት?» ላልከው ወንድሜ፦ አትጨነቅ፣ ግራ የሚያጋባው ቀኑ ራሱ ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ልክ አምስት ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይዛነፍ! ከተማዋ ግን ከጣሊያን እጅ የወጣችው ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ነበር። ደርግ ታዲያ ንጉሥ የገባበትን ቀን ማክበር ሳይከብደው አልቀረም መሰለኝ፣ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ሳበው። ደርግ ሲሄድ ተመልሶ ሚያዝያ 27 ሆነ። ድሉ አንድ፣ ቀኑ ሁለት። አባቴ እስካሁን መጋቢት 28 ሲደርስ ነጭ ለብሶ ቁጭ ይላል። ማን ደፍሮ ይንገረው?

ለፈረንጅ ስታስረዳ ግን ተጠንቀቅ። እኔ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ለአንዱ «በ1933 ነፃ ወጣን» አልኩት። «ጦርነቱ የተጀመረው በ1935 አይደል እንዴ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ሳይወረሩ ነፃ የወጡ ሕዝቦች አደረገን! ሶፍት ላይ 8 ዓመት ስደምር ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ።