የጆን መክሎይ መዝገብ፦ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥታችሁ ወደ ቢሮዬ ብቅ የምትሉት አብዛኞቻችሁ፣ ከጥብቅና ወደ ባንክ፣ ከባንክም ወደ ከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነት የሚያደርሰው መንገድ የትኛው እንደሆነ ትጠይቁኛላችሁ። ያን መንገድ ከብዙዎች ርቆ የሄደው አሜሪካዊው ጆን ጄ. መክሎይ ነውና የእሱን ታሪክ አጥኑ። በ1895 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ተወለደ፤ አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱ የባለጸጋ ሴቶችን ፀጉር እየሠራች አሳደገችው። ይህ ልጅ አድጎ የዎል ስትሪት ጠበቃ፣ የጦር ሚኒስቴር ረዳት ሚኒስትር፣ የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት፣ በጀርመን የአሜሪካ ከፍተኛ ኮሚሽነር፣ የቼዝ ባንክ ሊቀ መንበር፣ በኋላም የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ግድያ የመረመረው የዋረን ኮሚሽን አባል ሆነ።

ሹመቶቹን መደርደር ግን ብዙ አያስተምርም፤ የሚያስተምረው ስሙን ያስጠራው መዝገብ ነው። በ1916 በኒው ዮርክ ወደብ ብላክ ቶም በተባለው ስፍራ የተከማቸ የጦር መሣሪያ ፈንድቶ የነጻነት ሐውልትን ሳይቀር ጎድቶ ነበር። መክሎይ ጥፋቱን ያደረሱት የጀርመን ሰላዮች መሆናቸውን ለማስረዳት ከሌሎች ጠበቆች ጋር ዓመታት ደከመ። በ1930 ከጀርመን ካሳ የጠየቁበት የይገባኛል ጥያቄ ውድቅ ሲደረግ ተስፋ አልቆረጡም። ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ በመጽሔት ገጾች ላይ በሎሚ ጭማቂ የተጻፈ የሰላዮች መልእክት ነበር፤ ጀርመኖች ሐሰተኛ ነው ብለው አጥብቀው ተከራከሩበት። እንዲህ ያለውን ወረቀት እያገላበጡ፣ ምስክር እያፈላለጉ ቆይተው በ1939 ረቱ። ትጋቱን ያለ ምንም ቅሬታ እንድትወርሱት እመክራለሁ።

በ1940 የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ወደ መሥሪያ ቤቱ የጠራው በዚሁ መዝገብ ባገኘው ዕውቀት ምክንያት ነው። ልባችሁን ሰጥታችሁ እንድታነቡ የምፈልገው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ጃፓን ፐርል ሃርበር የተባለውን የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ከመታች በኋላ፣ በ1942 ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆች ከአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ተነስተው በካምፕ ታጎሩ፤ ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በትውልድ የአገሪቱ ዜጎች ነበሩ። በሚኒስቴሩ ውስጥ ጉዳዩን ከያዙት ዋነኛው መክሎይ ነበር። የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ኃላፊ የጅምላ ማስለቀቁ አስፈላጊነት አልታየውም፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉም ተቃውሞ ነበር። የአካባቢው የጦር አዛዥ ጄኔራል ዴዊት ግን እስካሁን አንድም የአሻጥር ድርጊት አለመፈጸሙ ራሱ ወደፊት ሊፈጸም እንደሆነ የሚያረጋግጥ ምልክት ነው ሲል ጻፈ። እንዲህ ያለውን ክርክር በብላክ ቶም መዝገብ የጀርመን ጠበቃ ቢያቀርበው ኖሮ መክሎይ ሳይውል ሳያድር ባፈረሰው ነበር። እዚህ ግን ተቀበለው።

በዚህ አላበቃም። ዴዊት በ1943 ባዘጋጀው የመጨረሻ ሪፖርት፣ ታማኙን ካልታመነው መለየት የማይቻለው ጊዜ በማጠሩ ሳይሆን በጃፓን ተወላጆቹ ጠባይ ምክንያት እንደሆነ ገለጸ። መንግሥት በፍርድ ቤት የያዘው የክርክር መስመር ግን «ጊዜ አልነበረም» የሚል ነበር፤ ስለዚህ መክሎይ ተቃውሞ ሪፖርቱ ተስተካከለ፣ የመጀመሪያው እትም ቅጂዎችም ተቃጠሉ። በወጣትነቷ በካምፕ ታስራ የነበረችው አይኮ ሄርዚግ ዮሺናጋ ከቃጠሎው የተረፈ አንድ ቅጂ በ1982 በብሔራዊ ቤተ መዛግብት አገኘች፤ በጦርነቱ ጊዜ የማስለቀቅ ትእዛዙን አላከብርም በማለቱ ተፈርዶበት የነበረው ፍሬድ ኮሬማትሱም በ1983 ፍርዱ ተሻረለት።

በነሐሴ 1944 ደግሞ ናዚዎች አይሁዶችን በጅምላ ይፈጁበት የነበረው የአውሽዊትዝ ካምፕ የመግደያ ሥፍራዎች በአየር እንዲደበደቡ ለቀረበው ልመና መክሎይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጉዳዩ ተጠንቶ፣ ድብደባው ለሌላ ግንባር የሚያስፈልገውን የአየር ኃይል የሚሻማና ውጤቱም አጠራጣሪ መሆኑ መታወቁን ገለጸ። ሰነዶቹን የመረመሩ የታሪክ ምሁራን እንዲህ ያለ ጥናት ስለመካሄዱ ዱካ አላገኙም፤ ደብዳቤው በወጣ በስድስተኛው ቀን የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች እዚያው አጠገብ ያለውን ፋብሪካ መቱ። «ጉዳዩ ተጠንቶ» የሚለውን ሐረግ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ ስለምናየው ማንም አይደነግጥበትም። እናንተ ግን ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ያጠናው ማን እንደሆነና ወረቀቱ የት እንዳለ ጠይቁ።

ሰውየው ጨካኝ ወይም ሰነፍ ነበር የሚል እምነት የለኝም። እኔ እንደማየው፣ መንግሥት ቤት ከገባም በኋላ ጠበቃ ሆኖ ቀረ፤ ባለጉዳዩ ስቲምሰንና ሠራዊቱ ስለነበሩ ለእነሱ የሚበጀውን ፈለገ፣ በክፍሉ ውስጥ ወኪል ለሌላቸው ግን የሎሚ ጭማቂውን ያህል ማስረጃ አልጠየቀም። እምቢ ማለት ያቅተው ነበር እንዳትሉ፣ በ1947 የዓለም ባንክን እንዲመራ ሲጠየቅ በሥራው ላይ ሥልጣን እንዲሰጠው የሚፈልገውን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ፣ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው የገባው። (እሱ ከለቀቀ በኋላ በ1950 አገራችን ከዚያው ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድራለች።) ሹመት ሲቀርብላችሁ ይህን ድፍረቱን ያዙ፤ ነገር ግን ከቅድመ ሁኔታዎቻችሁ መካከል ውሳኔው የሚነካቸው ሰዎች የሚሰሙበት መንገድ ይኑር።

በ1981 የኮንግረስ ኮሚሽን ጠርቶት ሲመሰክር 86 ዓመቱ ነበር፤ በካምፕ የታሰሩ ሰዎች እየሰሙት ውሳኔው ትክክል እንደነበር ተከራከረ። ኮሚሽኑ ግን ለእስሩ ያበቁት የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ሽብርና የፖለቲካ አመራር ጉድለት ናቸው ሲል ደመደመ፤ በ1988ም በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ። ያ የኮሚሽን ሪፖርት በቀላሉ ይገኛል። ከመክሎይ የሹመት ዝርዝር በፊት እሱን አንብቡትና በመጪው ጊዜ ስትመጡ እንወያይበት።