በበረዶው ተራራ ላይ የጀመረው ዝምታ

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ጭብጡን በአጭሩ ላስቀምጥ። ከባለቤትዎ፣ ከ13 ዓመት ሴት ልጅዎና ከ7 ዓመት ወንድ ልጅዎ ጋር ለዕረፍት ወደ ጣሊያን ደሴት ወደ ሲሲሊ ሄዳችሁ ነበር። ከዕረፍቱ ቀናት አንዱን ባለቤትዎ ለብቻቸው አቀዱት፤ ጠዋት በረዶ የለበሰውን የኤትና እሳተ ገሞራ ማየት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአካባቢውን ምግብ መቅመስ። ከባሕር ዳርቻዋ ከካታኒያ ተነሥታችሁ በጠመዝማዛው መንገድ 1,910 ሜትር ላይ እስካለው ማረፊያ በመኪና፣ ከዚያም እስከ 2,500 ሜትር ገደማ በኬብል ካር ወጣችሁ። ልጅቷን ራሷን አመማት፤ ትንሹም ጣቶቹ ደንዝዘው አለቀሰ። እርስዎ «እንውረድ» ሲሉ ባለቤትዎ «ትንሽ ታገሡ» አሉ፤ በመጨረሻም በልጆቹ ፊት «አንተ ድሮም ከራስህ ደስታ በቀር የሚታይህ የለም» ብለዋቸው ልጆቹን ይዘው ወረዱ። ምሳ ላይ ትንሹ በደበርጃን የተሠራውን ፓስታ አልቀምስም ሲል ባለቤትዎ ሳህኑን ገፍተው ከጠረጴዛው ተነሡ። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ያን ቀን በቤታችሁ የሚያነሣው የለም፤ እሳቸውም «ከእንግዲህ ጉዞ የሚባል ነገር አታንሡብኝ» ብለዋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነና ዝምታው እንዴት እንደሚሰበር ጠይቀውኛል።

ከጥፋቱ በፊት ስለ ሰውነታችሁ ልናገር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በባሕሩ ዳር ለብ ያለ ጠዋት የነበረው አየር እናንተ በደረሳችሁበት ከፍታ ላይ በ16 ዲግሪ ያህል ቀንሶ ይጠብቃችኋል፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ዝቅ ይላል። ከጠመዝማዛ መንገድ በኋላ በአንድ ጠዋት ወደዚህ ከፍታ የወጣ ልጅ ራሱን ቢያመው የሚያስገርም አይደለም። ልጅዎን ስላልመረመርኋት ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ አልደመድምም፤ ነገር ግን በከፍታ ላይ ራሱን የሚያመው ልጅ መውረድ አለበት። ስለዚህ «እንውረድ» ማለትዎ ትክክል ነበር፤ ይህን ማንም እንዲያስክድዎ አይፍቀዱ። የበረደው፣ የራበውና የደከመው ሰው ትዕግሥቱ እንደሚያጥርም ያስታውሱ፤ እርስዎም ባለቤትዎም በዚያ ሰዓት የተናገራችሁት በሞቀ ክፍል ውስጥ ብትሆኑ የምትናገሩትን አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በደብዳቤዎ መካከል እንደ ዋዛ ያለፉት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ባለቤትዎ በመኪና ውስጥ ስለ ተራራው በረዶ ሲያወሩ «ማንም አልሰማውም ነበር» ይላሉ። ያወሩት ነገር እውነት ነው። በድሮ ጊዜ የኤትና በረዶ በክረምት እየተሰበሰበ በጉድጓድና በዋሻ ይጠቀጠቅና በበጋ ወደ ከተሞች እየተጫነ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ በካታኒያ ሰዎች በብርዮሽ ዳቦ የሚበሉት ግራኒታ የሚባለው የበረዶ ጣፋጭ ከዚያ የመጣ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1669 ከተማዋ ድረስ ስለ ወረደው ቅልጥ አለት፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ፍንዳታ ስለ ተፈጠሩት የሲልቬስትሪ ጉድጓዶች፣ ከተራራው ሥር በብሮንቴ ስለሚበቅለው ፒስታቺዮም ባለቤትዎ አንብበው እንደነበር ጽፈውልኛል። እንግዲህ እኚህ ሰው ተራራውንና ማዕዱን በአንድ ክር አያይዘው ለቤተሰባቸው ስጦታ አዘጋጅተው ነበር ማለት ነው። ተራራው ላይ «እንውረድ» ሲባል አንዱን፣ ምሳ ላይ «አልቀምስም» ሲባል ሌላውን እጃቸው ላይ መለሳችሁባቸው። ልጁ ያልፈለገው ደበርጃኑን ነው፤ አባትየው ግን ልጁ ራሳቸውን የገፋቸው ያህል ተሰማቸው።

ይህን ስል ሳህን መግፋታቸውን ማቃለሌ አይደለም። አዲስ ምግብን መፍራት በልጆች ዘንድ ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበረታል፤ 7 ዓመት የሞላውም ገና ብዙ አልራቀም። ደበርጃን ለስለስ ያለና ትንሽ መረር የሚል ነገር ስለሆነ ብዙ ልጆች በአንድ ቀን አይቀበሉትም፤ አንዳንዱ ልጅ አንድን ምግብ ለመልመድ ዐሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ማየትና መቅመስ ይፈልጋል። ግፊት ደግሞ ፍርሃቱን ያጸናዋል። ልጁ ከሚያውቀው ምግብ ጋር የሚቀራረብ ነገር፣ ለምሳሌ በዚያው ከተማ ጫፉን ሾጠጥ አድርገው የሚጠብሱት የሩዝ አራንቺኖ፣ አጠገቡ ቢቀመጥና ደበርጃኑን አባትየው ብቻቸውን እያጣጣሙ ቢበሉ የተሻለ ነበር።

የእርስዎ ድርሻ «ድሮም» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። ስለ ትዳር ጠብ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ጆን ጎትማን ቅሬታንና የሰውን ማንነት መንቀፍን ይለያሉ። «ልጆቹ በርዷቸዋል፣ አሁን መውረድ አለብን» ቅሬታ ነው፤ «ድሮም» ሲገባበት ግን የአንድ ጠዋት ስሕተት የዕድሜ ልክ ፍርድ ይሆናል፤ ፍርዱ ደግሞ በልጆች ፊት ተነቧል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ አኖሩ፤ በሌላ ዙር ደግሞ ከዚያው 60 ሰከንድ በኋላ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ 15 ዲግሪ ሲሞቅ 30 ሰከንድ ጨመሩ። የትኛውን መድገም እንደሚሹ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ ፍጻሜው ቀለል ያለ ስለነበር። የሰከንዶች ቅዝቃዜና የቤተሰብ ቅያሜ አንድ አይደሉም፤ ሆኖም ትዝታችን ለፍጻሜው ትልቅ ቦታ እንደሚሰጥ ያሳያል። የእናንተ ቀን ደግሞ ገና ፍጻሜ አላገኘም፤ ዝምታው እስከ ዛሬ እያስረዘመው ነው።

ስለዚህ አስቀድመው ባለቤትዎን ብቻቸውን፣ ማንም በማይቸኩልበት ሰዓት ያነጋግሯቸው። ስለ መውረዱ ይቅርታ አይጠይቁ፤ ስለ ቃሉ ግን ይጠይቁ። «ልጆቹን ማውረዴ ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። በልጆቹ ፊት ያን ቃል መናገሬ ግን አሳፍሮኛል። ያን ቀን ለእኛ ብለህ ስንት ነገር እንዳሰብህ አላየሁልህም» ማለት ይበቃል። ከዚያ ዝም ይበሉ፤ መልሱ ወዲያው ባይመጣ በሌላ ክርክር አይሙሉት። እሳቸውም በተራቸው ለትንሹ ልጅ ስለ ሳህኑ ሊነግሩት ይገባል፤ አባት ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም። የ13 ዓመቷ ልጅዎ ጠቡን ሰምታለችና እርቁንም ትስማ። ፎቶዎቹን አራታችሁም አብራችሁ እዩ፤ ልጆቹ ብርዱን ቢያነሡ አታርሟቸው። የበረዶውን ታሪክ ደግሞ አባታቸው እንደገና ይንገሯቸው፤ በዚህ ጊዜ የሚሰማቸው አያጡም።

ነገር ግን ሳህን መግፋቱ በቤት ውስጥ የተለመደ ከሆነ፣ ልጆቹም አባታቸው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሚሸማቀቁ ከሆነ፣ ይህ ምክር አይበቃም፤ ባለሙያ ፊት ለፊት ማግኘት ያስፈልጋችኋል።

በመጨረሻ «መልስዎን ላሳየው?» ብለዋል። ያሳዩአቸው፤ ግን የራስዎን ቃል በራስዎ አንደበት ከነገሯቸው በኋላ ይሁን። ቀድመው ካሳዩአቸው ከእርስዎ ሳይሆን ከእኔ የመጣ ይመስላቸዋል።