ልጄን በምን ልዘለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ክርስትናም ተነስቷል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም፣ የገዛነው ጋሪም በረንዳ ላይ አቧራ እየጠጣ ነው። አማቴ ከገጠር አንቀልባ አስመጥተውልኛል። ውጭ ያለችው እህቴ ደግሞ የልጁን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ የሚይዝ ማዘያ ልካልኛለች። ጎረቤቶቼ «እቅፍ ይለምድብሻል፣ እግሩም ይንሻፈፋል» ይሉኛል። ማንን ልስማ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! ሦስቱንም ልጆቼን በነጠላም፣ በአንቀልባም፣ በማዘያም ይዤ ነው ያሳደግኳቸው። ዕቃው ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ አንገቱ ነው። የሁለት ወር ልጅ ገና አንገቱን አላቆመም። አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ አየር ያጥረዋል፣ ሲታፈን ደግሞ ድምፅ አያሰማም፣ አንቺ የተኛ ነው የሚመስልሽ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 በጨርቅ ማዘያ ውስጥ ሕፃናት ታፍነው መሞታቸውን ገልጾ፣ በተለይ ከ4 ወር በታች ላሉት ጥንቃቄ ይደረግ ያለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው ከፊት ያዢው። ደረትሽ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ፊቱ ወደ አንቺ፣ ጎንበስ ስትዪ ግንባሩን የምትስሚበት ከፍታ ላይ ይሁን። ከአገጩ ስር ሁለት ጣትሽን አስገቢ። ካልገባ ልጁ ቁልቁል ሰምጧል ማለት ነው፣ ፈትተሽ እንደገና እሰሪው። ጨርቁ ጠበቅ ይበል፣ ከላላ ጀርባው ተጣጥፎ ይወርዳል። እንደያዝሽው ካጠባሽውም ጠግቦ ሲተኛ እዚያው ጡትሽ ስር አትተዪው፣ መልሰሽ ከፍ አድርጊው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ፊት መሸፈን ነው። ብርድ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብለን ነጠላውን፣ ባስ ሲልም ጋቢውን ከነአፍንጫው እንከናነብበታለን። ስጋቱ ይገባኛል። ኮፍያ አድርጊለት፣ ፀሐይ ከሆነ ጥላ ያዢ፣ ሰው ሲበዛብሽ ዞር በዪ። አፍና አፍንጫው ግን ሁልጊዜ ላንቺ ይታይ። ከገላሽም ስለሚሞቅ ልብስ አትደራርቢበት።

ስለ እግሩ አትጨነቂ። አብዛኛው ሕፃን ሲወለድ እግሩ ጎበጥ ያለ ነው፣ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ይቃናል። እንዲያውም እናቶቻችን ያዘሉበት አኳኋን፣ ጉልበቱ ከቂጡ ከፍ ብሎ፣ ጭኑ ተከፍቶ ወገብ አቅፎ፣ ለዳሌው መገጣጠሚያ ጥሩ ነው። የሚጎዳው ሁለቱን እግር ገጥሞ ቀጥ አድርጎ መጠፍነግ ነው። የእህትሽ ማዘያም መቀመጫው ከጉልበት እስከ ጉልበት የሚደግፍ ከሆነ ግሩም ነው። ፊቱን ወደ ውጭ ማዞሩን ግን አንገቱ እስኪጸና ተዪው።

«እቅፍ ይለምዳል» ለሚሉሽ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው። በካናዳ ሞንትሪያል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ነበር፣ ሲያለቅሱ ብቻ ሳይሆን ዝም ብለውም ጭምር ብዙ የታቀፉ ሕፃናት ስድስተኛ ሳምንታቸው ላይ ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ አልቅሰዋል። በሆድ ቁርጠት የሚያለቅሱትን ግን በኋላ በተደረገ ጥናት ያን ያህል አልረዳቸውም። እንዲህ ያለ ለቅሶ ካላቆመ ሐኪም ይየው።

አንቀልባውን አስቀምጪው፣ ጊዜው ይደርሳል። አንገቱን ሲያቆምና ጀርባው ሲጠነክር ማስተዛዘሉን አማትሽ ራሳቸው ያሳዩሽ፣ እጅ በእጅ የሚያዝ ሙያ ነውና። ቆዳው የቆየ ከሆነ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርገሽ ፈትሺው፣ የላላ ዛጎልና ጨሌም ካለ ልጁ አፉ ሳያስገባው ንቀዪው። ለነገሩ የፈረንጅ ማዘያም ቢሆን ሥሩ እዚሁ አህጉር ነው። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ ቶጎ ውስጥ እናቶች ልጅ አዝለው አይታ አገሯ ስትመለስ ከእናቷ ጋር ያሰፋችው ማዘያ ነው በኋላ ለገበያ የወጣው። አማትሽና እህትሽ የሰጡሽ ነገር ያን ያህል አይራራቅም።

ደግሞ እባክሽ፣ ልጁን ይዘሽ ምድጃ ጋ አትቁሚ። ጀበናም አታንሺ። ከሰል በተቀጣጠለበት ቤትም ጭሱ ይደርሰዋል።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። የአምስት ወር ልጄን በማዘያ ይዤ ስወጣ ሰው ያፈጥብኛል፣ እናቴም «ወንድ ልጅ ያዝላል እንዴ?» አለችኝ። ልተወው? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ አትተወው ወንድሜ! ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚደረገው የካንጋሮ እንክብካቤ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን ያለው፣ ገላን ከገላ አገናኝቶ ማቀፍ ነው። እናት ስትደክም አባትም ደረቱ ላይ ያቅፋል። ሐኪም ቤት የሚደረግ ነገር መንገድ ላይ ነውር አይሆንም። እናትህን አትሟገታት፣ ልጁ ደረትህ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ትየው። ማዘያውን ባለቤትህም የምትጠቀምበት ከሆነ የትከሻውና የወገቡ ማሰሪያ ለእሷ ልክ ጠብቆ ይቆይሃል፣ በየጊዜው በራስህ ልክ አስተካክለው። የመጀመሪያውን ሙከራ አልጋ አጠገብ ቆመህ አድርገው። ባጃጅ ውስጥ ከገባህም ማዘያው የመኪና ቀበቶን እንደማይተካ አትርሳ፣ ሹፌሩን ቀስ በል በለው።