«ፀረ አካል» ወይስ «ፀረ እንግዳ አካል»?

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ የምታነበው ጽሑፍ አዘጋጅታ ነበር። «ፀረ አካል ማለት ጀርም የሚገድል ነጭ የደም ሴል ነው» ይላል። እኔ ሬዲዮ ላይ የምሰማው ግን «ፀረ እንግዳ አካል» ሲሉ ነው። የቱ ነው ልክ? ዝም ብላ «አንቲቦዲ» ብትልስ? ደግሞስ በየትኛው ፀ ነው የሚጻፈው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልኩ እርስዎ የሰሙት ነው። ልጅዎ ግን ስህተቱ ላይ የወደቀችው በቂ ምክንያት ኖሯት ነው። «አንቲ» የሚለውን ፀረ፣ «ቦዲ» የሚለውን አካል ብላ ቃል በቃል መለሰችው። ትልልቅ ተርጓሚዎችም እዚችው ላይ ይሰናከላሉ።

ፀር የግዕዝ ቃል ነው፤ ጠላት ማለት ነው። ቤት «ቤተ» ሲሆን «የእገሌ ቤት» እንደሚሆን ሁሉ፣ ፀርም «ፀረ» ሲሆን «የእገሌ ጠላት» ይሆናል። ስለዚህ ከፀረ ቀጥሎ የሚመጣው ስም ምንጊዜም የሚወጋው ነገር ነው። ፀረ ሙስና ሙስናን ይዋጋል። ፀረ ተባይ ተባይ ያጠፋል። ፀረ ማርያም የሚባለው ማርያምን የሚቃወም ነው። እንግዲህ «ፀረ አካል» ስንል ምን አልን? የሰውነት ጠላት አልን። ዘበኛውን ሌባ ብለን ጠራነው ማለት ነው።

ታዲያ ፈረንጆቹ እንዴት እንዲህ አሉት? ቃሉ የመጣው ከጀርመን ነው። በፈረንጆቹ 1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ የሚባሉ ሐኪሞች የቴታነስ መርዝ ቀስ በቀስ የለመደ እንስሳ የደሙ ውኃ ተቀድቶ ለሌላ እንስሳ ሲሰጥ ያንን ሌላውን እንደሚጠብቀው አሳዩ። በደሙ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አላየውም። በዓመቱ ፖል ኤርሊክ «አንቲኮርፐር» አለው። «ኮርፐር» ያለው የእኛን ገላ አይደለም። ያንኑ ስም ያልወጣለትን ነገር ነው፤ የሚቃወም ነገር ለማለት። በነሱ ቃል ውስጥ አካሉ ተዋጊው ነው፣ በእኛ አሰካክ ግን ከፀረ በኋላ የመጣ ሁሉ ተወጊ ነው። «ፀረ እንግዳ አካል» ብሎ የተረጎመው ሰው ይሄ ገብቶታል። አካልን ከተዋጊው ወስዶ ለተወጊው ሰጠና እንግዳ የሚል ቅጽል ጨመረለት። እኔ በጣም የምወደው ትርጉም ነው።

እስቲ ወደ ቀረው ዓረፍተ ነገር እንምጣ፣ ምክንያቱም እዚያም ሁለት የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛው «ነጭ የደም ሴል» የሚለው ነው። ፀረ እንግዳ አካል ሴል አይደለም፤ ፕሮቲን ነው። ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው የሚሠሩት። ሸማኔውና ጋቢው እንደማለት ነው። ቅርጹን በእንግሊዝኛው ዋይ በሚባለው ፊደል ያስረዳሉ፤ እኛ ግን ባላ የሚል ቃል እያለን ፊደል መዋስ አያስፈልገንም። ባላን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ሆነው ግንዱን ይሠራሉ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ይከፈላሉ። ሁለት አጫጭር ሰንሰለቶች ደግሞ በሁለቱ ቅርንጫፎች ላይ ይለጠፋሉ። ይህን አወቃቀር የደረሱበት ኤደልማንና ፖርተር በፈረንጆቹ 1972 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። የባላው ሁለት ጫፎች ናቸው ልዩነቱን የሚያመጡት፤ ለኩፍኝ የተሠራው ጫፍ ኩፍኝን እንጂ ፖሊዮን አይገጥምም። ግንዱ ደግሞ ሌሎቹ የመከላከያ ሴሎች ጨብጠው የሚይዙት እጀታ ነው።

ሁለተኛው «የሚገድል» የሚለው ግስ ነው። ጋዜጦችም እንዲሁ ይጽፋሉ፤ እኔ ግን ይይዛል ቢባል እመርጣለሁ። ቫይረስ ከሆነ ወደ ሴላችን የሚገባበትን ክፍሉን ሸፍኖ ይይዝበትና መግቢያ ያሳጣዋል። ባክቴሪያ ከሆነ ላዩ ላይ ተለጥፎ ጀርም ለሚውጡ ሴሎች ምልክት ይሆናል፤ እነሱ መጥተው ይውጡታል። ይይዛል፣ ያስይዛል። ግድያው በአብዛኛው የሌሎቹ ሥራ ነው። ግሱን ካስተካከልን ልጆች አሠራሩንም አብረው ይረዱታል፤ ለዚህ ነው እንዲህ የማጠብቀው።

«ፀረ ተህዋሲያን ለምን አንለውም?» የሚሉም አሉ። አንለውም። እሱ አንቲባዮቲክን የመሳሰሉ የመድኃኒቶች ስም ነው፤ ፋርማሲ የሚሸጥ፣ ከውጭ የሚሰጥ። ደግሞም ይሄ ፕሮቲን የሚይዘው ተህዋሲያንን ብቻ አይደለም። ሾተላይን ያስቡ። እናቶቻችን የመጀመሪያው ልጅ በሰላም ተወልዶ ተከታዮቹ ሲሞቱ ሾተላይ ነው ይሉ ነበር፤ ዛሬ ሐኪሞቻችንም የእናትና የልጅ ደም አር ኤች በሚባለው የደም ዓይነት አለመስማማትን በዚሁ ስም ይጠሩታል። እናትየው ኔጋቲቭ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ይገባል። ለሰውነቷ እንግዳ ነውና ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል። በሚቀጥለው እርግዝና ያ የተሠራው በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የጽንሱን ቀይ የደም ሴሎች ይይዛል፣ ያስፈርሳል። እዚህ ውስጥ ጀርም የሚባል ነገር የለም። እንግዳ ግን አለ፤ የገዛ ልጅ ደም ለእናት ሰውነት እንግዳ ሆኖ። ቃሉ ምን ያህል በልክ እንደተሰፋ ያየሁት ይህን ስረዳ ነው።

ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጣትን መርፌ አንዳንዱ ሰው «የሾተላይ ክትባት» ይለዋል። «መርፌ» ቢባል ይሻላል። ክትባት ሰውነት ራሱ እንዲሠራ የሚያስተምር ነው፤ ይሄኛው ግን ተሠርቶ ያለቀ ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ የሚሰጠውም የእሷ ሰውነት የራሱን እንዳይጀምር ነው።

አንቲቦዲ ማለት ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ሰው ለምዶታል። ልጅዎ መጀመሪያ አማርኛውን ብላ ቀጥላ «አንቲቦዲ የሚባለው» ብትል ሁሉም ይሰማታል። «አንቲቦዲዬ ወርዷል» የሚለውን የሰፈር አነጋገር ግን ትተወው። ለዚያ «በሽታ የመከላከል አቅሜ ደክሟል» አለን፤ አንቲቦዲ የአቅሙ አንድ ክፍል እንጂ ሙሉው አይደለም።

ሲበዛ «ፀረ እንግዳ አካላት» ይባላል። በግዕዙ ሥርዓት መብዛት የነበረበት ፊተኛው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን «አብያተ ክርስቲያናት» ስትሆን ቤቱ እንደሚበዛው፣ «አፅራረ ቤተ ክርስቲያን» ሲባልም ጠላቶቹ እንደሚበዙት። ነገር ግን በዛሬው አማርኛ ቃሉ አንድ ሆኖ ተጣብቋል፣ ብዜቱም መጨረሻው ላይ ይገባል። ቤተ መንግሥቶች እንደምንለው። አያስጨንቃት።

ፊደሉ ፀሐዩ ፀ ነው፤ የግዕዙ ሥር ፀረረ ነውና። በጸሎቱ ጸ የጻፈ ብዙ አለ፣ ንባቡም አንድ ነው፤ እኔ ከሥሩ ጋር እንድትሄድ እመክራታለሁ።

እንግዲህ ሚኒ ሚዲያው ላይ እንዲህ ብላ ታንብበው፦ «ፀረ እንግዳ አካል፣ በተለምዶ አንቲቦዲ የሚባለው፣ ነጭ የደም ሴሎች የሚሠሩት የባላ ቅርጽ ያለው ፕሮቲን ነው፤ ወደ ሰውነት የገባውን እንግዳ ነገር ለይቶ ይይዛል፣ ለሌሎች የመከላከያ ሴሎችም ያስይዛል።»